አንጀት ጨጓራ አይደለም፦ በሆድ ስለሚገባ የመመገቢያ ቱቦ ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰው ሲታመም ጠያቂ ከበር ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እህል ቀመሰ?» ብሎ ነው። ትኩሳቱን፣ ደሙን፣ ኤክስሬዩን የሚጠይቅ ኋላ ነው የሚመጣው። በቱቦ የሚመገብ ሰው አጠገብ ይህ ጥያቄ መልስ ያጣል። ቀምሷል እንዳይባል በአፉ ምንም አልገባም፤ አልቀመሰም እንዳይባል ሌሊቱን ሙሉ ምግብ ሲንጠባጠብለት አድሯል። አስታማሚው መሐል ላይ ቆሞ ይንተባተባል።

ሰሞኑን አስታማሚዎች ስልካቸው ላይ ይዘውት የሚመጡት አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የአጎታቸውን ሕመም መነሻ አድርገው፣ በቀዶ ሕክምና ትንሹ አንጀት ላይ የሚከፈተውን የመመገቢያ ቀዳዳ፣ ሐኪሞች ጄጁኖስቶሚ የሚሉትን፣ አጥብቀው ይወቅሳሉ። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ ተስፋ የቆረጠ ሐኪም የሚሠራው ነው፤ ግሉኮስ እያለ አንጀት መብሳት አያስፈልግም፤ አንጀት በቀዳዳ የገባለትን ምግብ አይቀበልም፤ ቱቦው ዕቃው የማይረባ ስለሆነ በየጊዜው ይደፈናል፤ ትንታን ያስቀራል ቢባልም አያስቀርም፤ ሰውን ከማዕድ ይለያል፤ ቢወልቅ ግን ሆስፒታል መሮጥ ሳያስፈልግ ቤት ውስጥ መልሶ መክተት ይቻላል።

እኔ በቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የጸሐፊውን ሐዘን አልነካም፣ ያዩትንም አላየሁም ልላቸው አልችልም። ካዩት ነገር ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ላይ ግን በአብዛኛው አልስማማም። አንዱ ነጥባቸው ደግሞ ሰው ይገድላል።

ሐኪም ይህን ቀዳዳ የሚሠራው እጁን ሲሰጥ ነው ከሚለው ልጀምር። እኔ በብዛት የማየው ተቃራኒውን ነው። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚወርድ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት የሚታይበት መስመር አለ፤ በአገራችን አርሲና ባሌ በዚህ ይታወቃሉ። ሕመምተኛው መጀመሪያ እንጀራ ያንቀዋል፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ ቀጥሎ ሾርባ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ምራቁን የሚተፋበት ጣሳ በእጁ ይዞ ነው፤ ኮቱ ከትከሻው ላይ የሌላ ሰው ይመስላል። ካንሰሩ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ሰርጀኑ የታመመውን ቧንቧ ቆርጦ ያወጣና ጨጓራውን አጥብቦ፣ በቧንቧው ምትክ ወደ ላይ ይስበዋል። ነገ የሚያስፈልገውን ጨጓራ ዛሬ ለመመገቢያ ብሎ መብሳት አይፈልግም። ስለዚህ ጨጓራውን ያልፋል፣ ከጨጓራው ሥር ያለውን ዱዎዲነምንም ያልፋል፤ ትንሹ አንጀት ከኋላ በጅማት ከተያዘበት ቦታ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ቱቦውን ያስገባል። ሰውየው በዚያ ተመግቦ፣ ጥቂት ሥጋ መልሶ፣ ለትልቁ ኦፕሬሽን ይደርሳል። ተስፋ የቆረጠ ሰው የሚሠራው ሥራ ይህን አይመስልም።

የጨጓራው መውጫ በእጢ የተዘጋበት፣ ጨጓራው ጨርሶ የወጣለት፣ ቆሽቱ ላይ ትልቅ ኦፕሬሽን የተሠራለት፣ በረኪና ወይም አሲድ ጠጥቶ ከላይ ያለው ሁሉ የተቃጠለበት ሰውም በዚሁ መንገድ ይመገባል። አሠራሩም ትናንት የመጣ ሙከራ አይደለም። ፈረንሳዊው ሱርሜ ይህን ቀዳዳ የሠራው በ1878 እ.ኤ.አ. ነው። ጀርመናዊው ዊትዝል በ1891 እ.ኤ.አ. ለጨጓራ ያወጣው ዘዴ ደግሞ ዛሬም ለአንጀት ያገለግላል፤ ቱቦው በቀጥታ ከመግባት ይልቅ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንዲቀበር ይደረጋል፣ እንደ መቀነት ውስጥ እንደሚያልፍ ገመድ፣ እንዳያፈስ። ከዚያ አንጀቱ ከሆድ ግድግዳ ጋር ይሰፋል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ ያስታውስልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ግሉኮስ እያለ ለምን አንጀት ይበሳል የሚለውን በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ግሉኮስ ተሰቅሎ ካልታየ ሕክምና የተጀመረ የማይመስለን ብዙ ነን። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 5 በመቶ የሚባለው ግሉኮስ በአንድ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር አለው፤ ጉልበቱ 170 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። በቀን ሦስት ሊትር ቢሰቀል 510፤ ያውም ፕሮቲን የለው፣ ቅባት የለው። ለቱቦ የሚዘጋጀው መደበኛ ፈሳሽ ምግብ ግን በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር ለ20 ሰዓት ቢንጠባጠብ 1,200 ኪሎ ካሎሪ ከነፕሮቲኑ ገባ ማለት ነው። እርግጥ ሙሉ ምግብ በደም ሥር የሚሰጥበት መንገድም አለ፤ ግን ወደ ልብ በሚጠጋ ትልቅ የደም ሥር ነው የሚገባው፣ የላብራቶሪ ክትትል ይፈልጋል፣ ደም ውስጥ ኢንፌክሽን ያስገባል፣ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። አንጀቱ የሚሠራ ሰው በአንጀቱ ቢመገብ ይሻለዋል። በአፍንጫ የሚገባው ቱቦ ለጥቂት ሳምንታት ጥሩ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ካለፈ ግን አፍንጫና ጉሮሮ ያቆስላል፣ ቶሎ ቶሎም ይወልቃል፤ ቧንቧው በእጢ ለተዘጋበት ሰውማ ከናካቴው አያልፍም።

አሁን ወደ ዋናው። ጸሐፊው አጎታቸው ምግብ በገባላቸው ቁጥር ሆዳቸውን ይቆርጣቸው፣ ላብ ያሰምጣቸው፣ ወዲያው ተቅማጥ ይይዛቸው እንደነበር ይጽፋሉ። ከዚህ ተነሥተው አንጀት በቀዳዳ የገባን ምግብ አይቀበልም አሉ። ምክንያቱን ግን ራሳቸው ሳያስቡት ጽፈውታል፦ በቁርስ፣ በምሳና በእራት ሰዓት፣ በትልቅ ሲሪንጅ፣ ጭማቂና አጥሚት ይሰጧቸው ነበር።

ጨጓራ ጎተራ ነው። የመጣለትን ተቀብሎ ያከማቻል፣ ያማስላል፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ታች ይለቃል። ቱቦው የገባበት አንጀት ጎተራ የለውም። በአምስት ደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ሲገፋበት እንደ ጠባብ ቦይ ይጥለቀለቃል። ስኳር የበዛበት ጭማቂ ከሆነ ደግሞ አንጀቱ ሊያቀጥነው ከደም ውሃ ይስባል፤ ልብ ይመታል፣ ላብ ይመጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጡ ይከተላል። ያ ሁሉ የመጣው ከፍጥነቱና ከምግቡ ዓይነት ነው። ቀዳዳው ከሌለበት ጨጓራ ላይ ይህን ያህል ስኳር ብንደፋበትም እኮ አንወደውም።

አንድ ከሰዓት ተረኛ ሆኜ አንዲት ልጅ አባቷን ስታስታምም አገኘኋት። ፔርሙዙን ከአልጋው ሥር አውጥታ አጥሚቱን በ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ትስባለች፤ ሲሪንጁ አልወርድ ሲላት ደረቷ ላይ ደግፋ በመዳፏ ትጫነዋለች። አባትየው የአልጋውን ብረት ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ለመንኳት፣ ቆመች። «ሲስተር፣ ትንሽ በርታ ይበሉልኝ ብዬ እኮ ነው። ይሄ ጠብታው ምግብ ይባላል እንዴ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አባቴን በጠብታ አደራ አልሰጥም ነበር።

ፓምፕ አልነበረንም። ተራውን የግሉኮስ መስመር ከምግቡ ጠርሙስ ጋር አገናኘንና ጠብታውን አብረን ቆጠርን። በዚህ መስመር 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ በደቂቃ 20 ጠብታ ከሆነ በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር መጣ ማለት ነው። ወፍራም ፈሳሽ ጠብታው ስለሚለያይ ቆጠራውን ብቻ አላመንንም፤ ጠርሙሱ ላይ በማርከር በየሰዓቱ የሚደርስበትን መስመር አሰመርን። የምግቡ መስመር ከደም ሥር መስመር ጋር እንዳይምታታ ቀይ ፕላስተር ጠመጠምንበት፤ ይህ ቀልድ አይደለም፣ ለአንጀት የተዘጋጀ ምግብ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ሰው ይሞታል። እሳቸው ኦፕሬሽን ከሆኑ ሰንብተው ስለነበር በ30 ሚሊ ሊትር ጀምረን ወደ 60 አደረስነው፤ አዲስ ለተሠራለት ሰው የመጀመሪያው ቀን በሰዓት ከ10 እስከ 20 ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ተቅማጡ ቆመ። ልጅቱ ጠብታውን ስትቆጥር ስታያት የምትጸልይ ትመስላለች።

አጥሚቱ ሌላም ችግር አለበት። ለዚህ ቀዳዳ የሚገባው ቱቦ ቀጭን ነው፤ 12 ቁጥር የሚባለው ውጭው እንኳ 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ የውስጡ ክፍተት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እህል የተፈጨበት ነገር እዚያ ውስጥ ይጋገራል። ከዚህ በላይ ደግሞ በአፍ የሚገባን ምግብ የጨጓራ አሲድ ብዙ ጀርም ያጠፋለታል፤ በዚህ መንገድ የሚገባው ግን ያንን ጥበቃ አልፎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከዱቄት የተበጠበጠ ምግብ ከአራት ሰዓት በላይ ተሰቅሎ አይቆይም፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ውሃውም የፈላና የቀዘቀዘ ይሆናል። «ጸበልስ በቱቦው ብናስገባለት?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። እኔ የምመክረው ከንፈሩን ማራስና ሰውነቱን መርጨት ነው፤ የንስሐ አባቶችም ሳይከፉ የተቀበሉኝ ነው።

ጸሐፊው በዚሁ አንቀጽ፣ አንድ ጎረቤታቸው ቱቦው ከገባለት በኋላ በአራተኛው ቀን ሞተ፣ ስለዚህ የገደለው ቱቦው ነው ይላሉ። ሰውየውን አላየሁትም፤ በምን እንደሞተም መናገር አልችልም። ሊጠረጠር የሚገባውን አንድ ነገር ግን ልንገራቸው። ለሳምንታት ሳይበላ የቆየ ሰውነት በድንገት ሲመገብ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ወደ ሴሎቹ ውስጥ ይነጠቃል። ልብ ሥርዓቷን ትስታለች፣ መተንፈስ ያቅታል። እጅግ የከሳና ከ10 ቀን በላይ ምንም ያልቀመሰ ሰው ለዚህ የተጋለጠ ነው። መፍትሔው እንደ አባቶቻችን የጾም መፍቻ ነው፤ ከረጅም ጾም በኋላ ክትፎ ላይ የሚወድቅ ሰው ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ቫይታሚን ቢ1 አስቀድሞ ይሰጣል፣ ማዕድናቱ እየተለኩ ይተካሉ፣ ምግቡም በኪሎ 10 ኪሎ ካሎሪ ይጀመራል። 40 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 400 መሆኑ ነው። ቤተሰቡ «ለዚህ ነው የተበሳው?» ብሎ ይቆጣል። ይቆጣ።

ስለ መደፈኑ ብዙ አልልም። የሚደፈነው በአብዛኛው ካለመታጠቡ ነው። በየአራት ሰዓቱ፣ ደግሞም ከመድኃኒት በፊትና በኋላ፣ 30 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይገባበታል፤ ሌሊትም ጭምር። መድኃኒት በፈሳሽ መልክ ካለ እሱ ይጠየቃል፤ ክኒን ከሆነ ልሞ፣ ለየብቻው፣ ከምግቡ ጋር ሳይቀላቀል ይሰጣል። ቀስ ብሎ እንዲሠራ የተሠራ ክኒን ጭራሽ አይፈጭም። ሲደፈን ለብ ያለ ውሃ በትልቅ ሲሪንጅ ገፋ፣ ሳብ ማድረግ ነው፤ ትንሽ ሲሪንጅ ግፊቱ ስለሚበዛ ቱቦውን ይቀደዋል። ሽቦ አይገባበትም። ጸሐፊው ኮካ ይመክራሉ፤ አሲዱ የምግቡን ፕሮቲን ልክ እንደ አይብ ያረጋዋል፣ የባሰ ይደፈናል።

በትንታው ነገር ግን ግማሹን እሰጣቸዋለሁ። አጎታቸው ትንታ ይቀርልሃል ተብለው ኋላ በሳንባ ምች ተይዘዋል። ምግብ ከጨጓራ በታች ሲገባ ወደ ላይ የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል፤ ምራቅ ግን አሁንም አለ። ቧንቧው የተዘጋ ሰው የራሱ ምራቅ ሌሊት ወደ ሳንባው ይወርዳል፤ ይህን የትኛውም የሆድ ቱቦ አይከለክለውም። ለዚህ ነው የአልጋው ራስ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና እንዲል፣ አፉም በቀን ደጋግሞ እንዲጸዳ የምንወተውተው። ጨርሶ ይቀራል ብሎ ቃል የገባላቸው ሰው ካለ ስሕተቱ የእኛ የሙያተኞቹ ነው።

ከማዕድ ይለያል የሚሉትም ልቤን ነክቶታል፣ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። መዋጥ የሚችል፣ ሐኪሙም የፈቀደለት ሰው ቱቦው ሆዱ ላይ እያለ ጉርሻ ይጎርሳል፤ ሌሊት በቱቦ ተመግቦ ቀን እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ አለ። ከሰገራ ከረጢት ጋር የሚያምታቱትም ይታረሙ፤ በዚህ ቱቦ ምግብ ይገባል እንጂ ሰገራ አይወጣም። ቁስሉ ከደረቀ ገላ ይታጠባል፣ ልብስ ከላይ ይለበሳል፣ ሥራው ሲያበቃም ቱቦው በክሊኒክ ይሳብና ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ራሱ ይዘጋል።

በመሐል በሁለት መስመር ያለፉትን፣ የመርሳት ሕመም የጸናባቸውን እናት ጉዳይ ግን ዋና ርእሳቸው ቢያደርጉት እመርጥ ነበር። እዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ነኝ። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው አቋም፣ የመርሳት ሕመም በጸናባቸው አረጋውያን ላይ የመመገቢያ ቱቦ እንዳይገባ ይመክራል፤ ዕድሜ አያራዝምም፣ የአልጋ ቁስልንም አይከላከልም፣ አረጋዊውም እንዳይነቅለው እጁ እስከ መታሰር ይደርሳል። በትዕግሥት በእጅ ማጉረስ ይሻላል፤ ጥቂትም ቢሆን። እንዲህ ያለችን እናት ለኦፕሬሽን ከማስፈረም በፊት ልጆቿን ቁጭ አድርጎ የሚያነጋግር ሐኪም ያስፈልጋል። ስለ ወጪውም አልከራከራቸውም። የተዘጋጀው ምግብ ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም፤ ስንት ቤተሰብ ወደ አጥሚቱ የሚመለሰው አላዋቂ ሆኖ ሳይሆን ቆርቆሮው አልቆበት ነው።

አሁን እስክሪብቶ ያስነሣኝ አንቀጽ። ጸሐፊው የአጎታቸው ቱቦ በሁለተኛው ሳምንት ሲወልቅ፣ የሚያውቁት ሰው ከፋርማሲ የሽንት ካቴተር፣ ጫፉ ላይ የሚነፋ ኳስ ያለበትን የሽንት ቱቦ፣ ገዝቶ፣ በዚያው ቀዳዳ መልሶ ከትቶ፣ ኳሱን በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ነፍቶ እንዳስቀመጠላቸው ይተርካሉ፤ ሌላውም ሰው እንዲህ አድርጎ ከእንግልት እንዲድን ይመክራሉ። አጎትየው በማግሥቱ ሆዳቸው ተነፍቶ ወደ ሆስፒታል መመለሳቸውን ከሁለት አንቀጽ በኋላ ይጽፋሉ፤ ሁለቱን ነገር ግን አያገናኟቸውም።

እኔ ላገናኝላቸው። አንጀቱ ከሆድ ግድግዳ ጋር ተሰፍቷል ብዬ ነበር። ያ ስፌት ጠባሳ ሠርቶ እስኪጣበቅ ሳምንታት ይወስዳል። በሁለተኛው ሳምንት ከውጭ በጭፍን የሚገፋ ቱቦ አንጀቱን ገፍቶ ሊያላቅቀውና በጎን ሊያልፍ ይችላል። ከቆዳው ላይ የሚታየው ቱቦ ልክ ቦታው ላይ ይመስላል፤ ምግቡ ግን የሚፈሰው አንጀት ውስጥ ሳይሆን ሆድ ዕቃው መሐል ነው። ዕድል ቀንቶት አንጀት ውስጥ ቢገባም፣ ለሽንት ፊኛ የተሠራ 10 ሚሊ ሊትር ኳስ ለትንሹ አንጀት ቡሽ ነው፤ ይደፍነዋል። የሆድ መነፋት የሚመጣው ከሁለቱ በአንዱ ነው። ሆስፒታልም ካቴተር ለዚህ ሥራ የሚውልበት ጊዜ አለ፣ ግን ኳሱ ሳይነፋ ወይም በጥቂቱ ብቻ ተነፍቶ፣ ከቆዳ ጋርም ተሰፍቶ ነው፤ ቦታውም በቱቦው ቀለም ተሰጥቶ በኤክስሬይ ይታያል። ከዚያ በፊት አንዲት ጠብታ አይገባም።

ቱቦው የወለቀበት ሰው ምንም አይመግብ፣ ቀዳዳውን በንጹሕ ፋሻ ይሸፍን፣ የወለቀውን ቱቦ በላስቲክ ይዞ በዚያው ሰዓት ይምጣ። ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ መጥበብ ስለሚጀምር ለነገ ማለት ሌላ ኦፕሬሽን መግዛት ነው። ገና ሳይወልቅም ቱቦው ከቆዳ በሚወጣበት ቦታ ላይ በማርከር ምልክት ይደረግ፤ ምልክቱ ከቆዳው ከራቀ ተንሸራቷል ማለት ስለሆነ ጠብታው ይዘጋ።

ጽሑፉን ማስተላለፍ የፈለገ ያስተላልፍ፤ አብዛኛው የአስታማሚ ምሬት ነው፣ ምሬቱም የእውነት ነው። ቱቦን ቤት ውስጥ ስለመመለስ የሚናገሩትን መስመሮች ግን ጸሐፊው ዛሬውኑ ያውጡልኝ።